በራሱ ባንድ፣ በሰው ባንድ፦ የዌይን ሾርተር ድርሰቶች ንጽጽር፣ የሥራ ማስታወሻ

መስከረም መጨረሻ፤ ሐሳቡና ዕቃው

ሥራው ይህ ነው። ሳክስፎኒስቱ ዌይን ሾርተር ከ1959 እስከ 1970 የጻፋቸውን ዜማዎች በሁለት ዓምድ እደረድራለሁ። በግራ በኩል በራሱ ስም ባወጣቸው አልበሞች ላይ ያሉት ይገባሉ። በቀኝ በኩል በሰው ባንድ ውስጥ እያለ ለባንድ መሪዎቹ የሰጣቸው። ከዚያ ጎን ለጎን አዳምጣለሁ፣ በኖታ እጽፋለሁ፣ አወዳድራለሁ። (የቀረጻና የአልበም ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የማስታወሻው ወራት ግን የእኛው ናቸው።)

ለምን ሾርተር? ሁለቱም ዓምድ የሚሞላለት ሰው ስለሆነ። ሌላውን ሳክስፎኒስት ኮልትሬንን ብወስድ የትራምፔተሩ የማይልስ ዴቪስ ባንድ ውስጥ ሳለ በድርሰት ያበረከተው ጥቂት ነው፤ ድርሰቱን የምናውቀው ከራሱ አልበሞች ነው። ሾርተር በድራመሩ በአርት ብሌኪ ባንድ «ጃዝ መሴንጀርስ» ውስጥ የሙዚቃ ዳይሬክተር ነበር። በ1964 መስከረም ማይልስ ጋር ሲገባ ደግሞ የባንዱ ዋና ጸሐፊ ሆነ። በዚያው ጊዜ ብሉ ኖት ከተባለው ኩባንያ ጋር በራሱ ስም አልበም በአልበም ላይ ይሠራ ነበር። እንዲህ ያለ ዕድል ለሚያወዳድር ሰው በየቀኑ አይገኝም።

ዕቃዎቼ፦ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ድምፅ ለማዘግየትና ሉፕ ለማድረግ (አንድ ቦታ ደጋግሞ ለማጫወት) ኦዳሲቲ፣ ኖታ ለመጻፍ ሙዝስኮር፣ ለሠንጠረዡ ኤክሴል፣ ከጓደኛ የተዋስኩት ትንሽ ኪቦርድ። ሶፍትዌሮቹ ነጻ ናቸው፣ ኤክሴሉም ላፕቶፑ ላይ ነበረ። ገንዘብ የበላው ሄድፎንና የኢንተርኔት ጥቅል ነው። ሄድፎኑን መርካቶ 2,800 ብር ገዛሁት። ባለ ሽቦ ነው፣ ሆን ብዬ ነው ባለ ሽቦ የመረጥኩት። ብሉቱዝ ድምፁን በጥቂቱ ያዘገየዋል። ሙዚቃ ለመስማት ችግር የለውም፤ ምት እየተከተሉ ቁልፍ ለመምታት ግን አይሆንም። ጣትህ ሁልጊዜ ከሙዚቃው ኋላ ይቀራል።

ጥቅምት መጀመሪያ፤ ዝርዝሩ

ዝርዝሩን ማውጣት ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። የመጀመሪያው ጣጣ ቀን ነው። አንድ አልበም የተቀረጸበትና ለገበያ የወጣበት ጊዜ አንዳንዴ በአሥር ዓመት ይራራቃል። «ዘ ሱዝሴየር» እና «ኤት ሴትራ» በ1965 ነው የተቀረጹት፤ የወጡት በ1979 እና በ1980። ማይልስ በ1967 ሰኔ የቀረጻቸው «ዋተር ቤቢስ»፣ «ካፕሪኮርን» እና «ስዊት ፒ» እስከ 1976 መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። በወጡበት ቀን ብደረድራቸው ሰውዬው ወደፊትም ወደኋላም የሚሄድ ይመስላል። ስለዚህ ሠንጠረዡ በቀረጻ ቀን ብቻ ይሄዳል። የወጣበት ዓመት ለብቻው ዓምድ አገኘ።

ቀኝ ዓምድ፣ ብሌኪ ዘንድ፦ «ሌስተር ሌፍት ታውን» (መጋቢት 1960፣ ከአንድ ዓመት በፊት የሞተው የቴነር ሳክስፎን ተጫዋቹ የሌስተር ያንግ መታሰቢያ)፣ «ችልድረን ኦቭ ዘ ናይት» (1961)፣ «ዚስ ኢዝ ፎር አልበርት» (1962)፣ «ፍሪ ፎር ኦል» እና «ሐመር ሄድ» (የካቲት 1964)። ማይልስ ዘንድ፦ «ኢ.ኤስ.ፒ.» እና «አይሪስ» (ጥር 1965)፤ «ኦርቢትስ»፣ «ዶሎሬስ» እና «ፉትፕሪንትስ» (ጥቅምት 1966)፤ «ሶርሰረር» አልበም ላይ አራት ዜማ (ግንቦት 1967)፤ ከዚያ «ኔፈርቲቲ»፣ «ፎል» እና «ፒኖኪዮ» (ሰኔና ሐምሌ 1967)።

ግራ ዓምድ ላይ 1964 ብቻውን ያስደነግጣል። ሚያዝያ ላይ «ናይት ድሪመር»፣ ነሐሴ ላይ «ጁጁ»፣ ታኅሣሥ 24 ቀን ደግሞ «ስፒክ ኖ ኢቭል»። ሦስቱም ኒው ጀርሲ፣ ኢንግልውድ ክሊፍስ በሚገኘው የሩዲ ቫን ጌልደር ስቱዲዮ የተቀረጹ ናቸው። ሰውዬው ያኔ 31 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ወይም ካለፈው ጥቂት ወራት ነበር።

የሠንጠረዡ ዓምዶች፦ የቀረጻ ቀን፣ የባር ብዛት (ባር ማለት ዜማው የሚከፋፈልበት የምት ክፍል ነው)፣ ቆጠራው በስንት እንደሆነ፣ ስንት የትንፋሽ መሣሪያ እንዳለ፣ ፒያኖ፣ ቤዝና ድራም ላይ ማን እንዳለ፣ ሶሎ (አንዱ ብቻውን እየፈጠረ የሚጫወትበት) ሲጀመር የዜማው ኮርድ (ከዜማው ሥር አብረው የሚመቱት ድምፆች) ይቀጥላል ወይስ ይጠፋል። የመጨረሻው ዓምድ ነው የሚያጓጓኝ።

ጥቅምት አጋማሽ፤ ድምፅ መለየት አልሠራም

ቤዙን ለብቻው ለመስማት ብዬ መሣሪያዎችን የሚለያይ ሶፍትዌር ሞከርኩ። ለዛሬ ዘፈን ጥሩ ነው። ለ1960ዎቹ የጃዝ ቅጂ ግን አልሆነም። የድራሙ ሲምባል በሳክስፎኑ ፋይል ውስጥ ይንሾካሾካል፤ የፒያኖው ግራ እጅ ከቤዙ ጋር ይለጠፋል። ሙዚቀኞቹ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ነው የተጫወቱት፤ የአንዱ ድምፅ የሌላው ማይክ ውስጥ ገብቷል። ሶፍትዌሩ የሌለ ግድግዳ ነው የሚፈልገው።

ከዚያ የቆየ ዘዴ ያዝኩ። በዚያ ዘመን ስቴሪዮ ቅጂ መሣሪያዎቹ ግራና ቀኝ ራቅ ራቅ ተደርገው ነው የሚቀመጡት። ኦዳሲቲ ላይ ስቴሪዮውን ከፍሎ አንዱን ቻነል ማጥፋት ይበቃል። ሙሉ በሙሉ አይለይም፣ ግን ጆሮ የሚፈልገውን ያገኛል። ፍጥነቱን ወደ 60 በመቶ ማውረድ ለዜማ ይሠራል። ለቤዝ ከ75 በመቶ በታች ስወርድ ድምፁ እየተድበሰበሰ ኖታው ይጠፋኛል። በቤዝ ጊዜ ሙሉውን በአንድ ኦክታቭ (ያው ኖታ በቀጭኑ እስኪደገም ድረስ) ከፍ አድርጎ መስማት ይሻላል። ይህን ዘዴ ለማንም እመክራለሁ፤ ኮምፒውተር ስፒከር ላይ ጨርሶ የማይሰማ ቤዝ ድንገት ጥርት ብሎ ይወጣል።

ኅዳር፤ «ፉትፕሪንትስ» ሁለት ጊዜ

ወደ ልቡ ገባን። «ፉትፕሪንትስ» በሁለቱም ዓምድ ላይ ያለ ድርሰት ነው። ሾርተር በየካቲት 1966 «አዳምስ አፕል» ላይ በራሱ ስም ቀረጸው። በጥቅምት ማይልስ «ማይልስ ስማይልስ» ላይ ደገመው። ልዩነቱ ስምንት ወር ነው። ፒያኖው ላይ ሁለቱም ጊዜ ሄርቢ ሐንኮክ አለ። የተለወጡት፦ ትራምፔት ተጨመረ፣ ቤዙ ከሬጂ ወርክማን ወደ ሮን ካርተር፣ ድራሙ ከጆ ቼምበርስ ወደ ቶኒ ዊሊያምስ።

መጀመሪያ ጽሑፉን። 12 ባር፣ በስድስት የሚቆጠር፣ በሲ ማይነር የሆነ ብሉዝ ነው። ስምንቱ ባር እንደማንኛውም ማይነር ብሉዝ ይሄዳል። ዘጠኝና አሥር ላይ ሲደርስ ሾርተር አራት ኮርድ ያጭቅበታል። ሙዚቀኞች አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፉት ኤፍ ሻርፕ ሐፍ ዲሚኒሽድ፣ ኤፍ ሰባት፣ ኢ ሰባት፣ ኤ ሰባት ብለው ነው። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሲ ማይነር ይመለሳል። ከኤ ሰባት ወደ ሲ ማይነር መመለስ በደንቡ የሚጠበቅ አይደለም። ኪቦርዱ ላይ ቀስ ብዬ ስመታው ጣቶቼ ራሳቸው ወደ ዲ ነው የሚሄዱት። ዜማው ግን ይይዘዋል። ከላይ ያለው ዜማ ቀላልና እርግጠኛ ስለሆነ ከሥሩ ኮርዱ ቢዘልም ሰሚው አይወድቅም። ይህችን ሁለት ባር ስንት ጊዜ ሉፕ እንዳደረግኳት እግዜር ይወቀው።

አሁን አጨዋወቱን። «አዳምስ አፕል» ላይ ስድስቱ ስድስት ሆኖ ይዘልቃል። ቤዙ የያዛትን ሐረግ አይለቅም፣ ቼምበርስ ከሥሩ ያረጋጋል፣ ሾርተር ብቻውን ዜማውን ያወጣል። ወደ ሰባት ደቂቃ ተኩል ይወስዳል። የማይልሱ ፈጠን ያለ ነው፤ ወደ አሥር ደቂቃም ይጠጋል።

እዚህ ላይ ሶፍትዌሩ አንድ ነገር አሳየኝ። ምት ቆጣሪው የመጀመሪያውን ቅጂ ያለ ችግር አነበበ። የማይልሱ ላይ ግን መሐሉ ላይ ፍጥነቱ በአንድ ሦስተኛ ወርዷል አለ፤ ትንሽ ቆይቶ ተመልሷል አለ። ማንም አልዘገየም። ካርተርና ዊሊያምስ ስድስት ምት በሚፈጀው ቦታ ላይ አራት እኩል ምት ማስቀመጥ ጀምረዋል። ባሩ ርዝመቱ ያው ነው፣ አከፋፈሉ ነው የተለወጠው። ቆጣሪው አራቱን ሰምቶ ሙዚቃው ዘገየ ብሎ ደመደመ። መፍትሔው ምቱን ትቶ በየባሩ መጀመሪያ ላይ ብቻ አንድ ጊዜ ቁልፍ መምታት ሆነ። እንዲህ ሲለካ መስመሩ ቀጥ ይላል። ፍጥነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው ለማለት ይቻላል።

ሦስትና ሁለት ተደራርበው መሄዳቸው በችክችካ ላደገ ጆሮ ባዕድ አይደለም። እጃችን አንዱን ሲያጨበጭብ ትከሻችን ሌላውን ይይዛል። የዚህ ቅጂ አከፋፈል ከአፍሪካ የድራም አመታት ጋር እንደሚዛመድ ብዙ የጃዝ ተንታኞች ጽፈዋል፤ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፣ ማስደመጥ ይበቃል።

ሐንኮክ አንድ የታወቀ ነገር ተናግሯል፤ ማይልስ ፊት የሚቀርብ ድርሰት ብዙ ጊዜ ይለወጣል፣ ሳይነካ ከሚያልፍላቸው ጥቂቶች አንዱ ዌይን ነበር ይላል። ኖታዬ ይህን ያረጋግጣል። የሁለቱ ቅጂ ዜማ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ያው ነው። በዙሪያው ያለው አየር ግን ሌላ ሆኗል። እንግዲህ «ድርሰቱ አልተነካም» ማለት ምን ማለት ነው? ሠንጠረዡ ላይ ለዚህ የሚሆን ዓምድ የለኝም።

ኅዳር መጨረሻ፤ ጋሼ

ሰፈራችን ውስጥ ድሮ ባንድ ውስጥ ድራም ይጫወቱ የነበሩ ሰው አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ላፕቶፑን ይዤ ሄድኩ። ሁለቱን ቅጂ አሰማኋቸው፣ ሠንጠረዡንም አሳየኋቸው። ሠንጠረዡን ገፋ አደረጉት። ከዚያ በሁለት ጣት ጠረጴዛውን መምታት ጀመሩ። የመጀመሪያው ላይ ስድስት፣ ሁለተኛው ላይ ስድስትና አራት።

«ልጄ፣ የባንዱ መሪ ማን እንደሆነ ለምን ትጠይቃለህ?» አሉኝ። «ድራም ላይ ማን እንደተቀመጠ ጠይቅ። እኛ ባንድ ውስጥ ዘፋኙ ሲለወጥ ሰው ያወራል። ድራመሩ ሲለወጥ ግን ዘፈኑ ይለወጣል።»

«ጋሼ፣ ግን ድርሰቱኮ የሳክስፎኒስቱ ነው።»

«ታዲያ ለማን ነው የሚጽፈው? ሲጽፍ ጆሮው ውስጥ የማን እጅ ነው ያለው?»

ቤት እንደገባሁ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፦ ድራመር። እውነቱን ለመናገር ጋሼ ያመጧት ሐሳብ በጣም ሰፊ ስለመሰለችኝ ጥንዶችን ይዤ ልፈትናት ወሰንኩ።

ታኅሣሥ፤ አራት ሳምንት የሚራራቁ ሁለት አልበሞች

ለዚህ ፈተና ከዚህ የተሻለ ጥንድ የለም። «ስፒክ ኖ ኢቭል» ታኅሣሥ 24 ቀን 1964፣ ሾርተር መሪ። «ኢ.ኤስ.ፒ.» ከጥር 20 እስከ 22 ቀን 1965፣ ማይልስ መሪ። ሳክስፎኑ ያው ነው። ፒያኖው ሐንኮክ፣ ቤዙ ካርተር፣ እነሱም ያው ናቸው። የተለወጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ በፍሬዲ ሐባርድ ቦታ ማይልስ፣ በኤልቪን ጆንስ ቦታ ቶኒ ዊሊያምስ። ኤልቪን 37 ዓመቱ ነው፣ ቶኒ 19።

ብዕሩ አልተለወጠም። «ዊች ሐንት» የተገነባው በአራተኛና በአምስተኛ ዝላዮች ነው፤ ዜማው ከአንድ ኖታ ወደ አራተኛው ወይም ወደ አምስተኛው ይዘላል። «ኢ.ኤስ.ፒ.» ም በአራተኛ ዝላይ እየወረደ ይጀምራል። ሁለቱን ኖታ ሙዝስኮር ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ የማን መሪነት እንደሆነ ሳላይ ብጠየቅ አላውቅም ነበር።

ሲጫወቱት ግን! ኤልቪን በእያንዳንዱ ምት ሥር ሦስት ሦስት እያደረገ ያንከባልላል። ድምፁ ከታች ነው የሚመጣው፣ ከቶም ቶሙና ከባስ ድራሙ። ሾርተር በዚያ ላይ ረጃጅም ኖታ ሲያስቀምጥ ኖታው ይንሳፈፋል፣ ለመሙላት መቸኮል የለበትም። ቶኒ ክብደቱን ወደ ላይ ወደ ራይድ ሲምባሉ (ምት ወደሚያዝበት ትልቅ ሲምባል) ወስዶታል፤ ምቱ ቀጭንና ስለታም ነው፣ ፊት ፊት ይሄዳል። «ኢ.ኤስ.ፒ.» ዜማ ራሱ ቸኩሎ የሚወርደው በዚያ ፍጥነት ላይ እንዲቀመጥ ተደርጎ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቀስ ያሉትንም አየሁ። «ኢንፋንት አይስ» ለሴት ልጁ ለሚያኮ የጻፈው ነው። 27 ባር ነው፣ ሦስት ጊዜ ዘጠኝ። አብዛኛው የዘመኑ ዘፈን በስምንት በስምንት ባር ነው የሚሄደው። ዘጠነኛዋ ባር ናት ነገሩን የምትሠራው። ስምንቱ ያልቅና ጆሮ አለቀ ሲል አንዲት ትንፋሽ ትጨመራለች። ሐባርድ እዚህ ላይ አይጫወትም፣ ሾርተር ብቻውን ነው። «አይሪስ» ደግሞ 16 ባር፣ በሦስት የሚቆጠር፣ ማይልስም አለበት። ጥሩ ዜማ ነው። ግን በራሱ አልበም ላይ ሙሉውን ቅርጽ ለአንድ ስሜት ሲል እንደገና የመቁረጥ ነጻነት ወስዷል፣ እዚህ ግን በተለመደው ልክ ጽፏል። መሪነት ለውጥ ያመጣበት አንድ ቦታ ይኸው፤ መዘገብኩት። ጋሼ ሙሉ በሙሉ አላሸነፉም።

ታኅሣሥ መጨረሻ፤ የብሌኪ ክምር

ብሌኪ ዘንድ ያሉትን መገልበጥ ከሁሉም አድካሚ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከ1961 ጀምሮ የባንዱ የትንፋሽ መሣሪያ ሦስት ነው፦ ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ ቴነር። ሾርተር ለሦስቱም ይጽፋል። አንዱ ሶሎ ሲጫወት ሁለቱ ከኋላ ምን እንደሚሉ ይጽፋል። ለድራሙ መምቻ ቦታ ይተዋል፤ ሁሉም አብረው «ጓ» የሚያደርጉበት፣ ከዚያ ብሌኪ የሚያንደረድርበት። «ፍሪ ፎር ኦል» ከአሥር ደቂቃ በላይ ነው፤ በሾርተር ሶሎ ላይ ብሌኪ ከሥሩ እየገፋ አያሳርፈውም። እንዲህ ያለ ድራመር ያለው ሰው ጽሑፉን ጠንካራ አድርጎ ማሰር አለበት፣ አለዚያ ይፈርሳል።

ከዚህ ሁለት ወር ተኩል በኋላ ሾርተር «ናይት ድሪመርን» በኤልቪን ድራም ይቀርጻል። ገጹ ወዲያው ይሳሳል። የትንፋሽ መሣሪያው ሁለት ብቻ ነው፣ ሊ ሞርጋንና እሱ። ከሶሎ ኋላ የሚገባ ጽሑፍ በጣም ቀንሷል።

ጥር፤ ኮርዱ ሲጠፋ

«ኦርቢትስ» እና «ዶሎሬስ» ላይ ሠንጠረዡ ያልጠበቅኩትን መለሰ። ዜማው ሲያልቅ ኮርዱም አብሮ ያልቃል። ሶሎ የሚጫወተው ሰው ፍጥነቱና የዜማው መንፈስ ብቻ ነው ያለው። ሐንኮክ ትንፋሾቹ ሶሎ ሲጫወቱ እጁን ያነሳል፣ የራሱ ተራ ሲደርስም በአብዛኛው በቀኝ እጁ ብቻ ነው የሚጫወተው። «ዶሎሬስ» ላይ ዜማው ራሱ በቁራጭ በቁራጭ ነው፤ ትንፋሾቹ አንድ ሐረግ ብለው ዝም ይላሉ፣ ቤዙና ድራሙ ይሄዳሉ፣ ከዚያ ሌላ ሐረግ። ወረቀት ላይ ሳየው ከኖታው ይልቅ ባዶ ባሩ በዓይን ይገባል።

በራሱ አልበሞች ላይ እስከ 1967 መጋቢት «ስኪዞፍሬኒያ» ድረስ ይህን ያህል ባዶ ገጽ አላገኘሁም። «ዘ ኦል ሲንግ አይ» (ጥቅምት 1965) ወደ ነጻ ጨዋታ ይሄዳል፤ ግን ብዙ ሰው ያለበት፣ ድምፁ የተሞላ አልበም ነው።

ከዚያ «ኔፈርቲቲ»፣ ሰኔ 1967። 16 ባር ዜማ። ማይልስና ሾርተር ዜማውን ይጫወታሉ። እንደገና ይጫወታሉ። ሶሎ የለም። ወደ ስምንት ደቂቃ ለሚጠጋ ጊዜ ሁለቱ ያንኑ ዜማ ይደጋግማሉ። አንዳንዴ አንዱ ከሌላው ትንሽ ወደኋላ እየቀረ ዜማው ይሰነጠቃል። ሶሎው ያለው ከሥር ነው፤ ቶኒ ዊሊያምስ እያንዳንዱን ዙር ከቀደመው ያስበልጣል። የዜማውን ረድፍ ጥዬ የድራሙን ድምፅ መጠን በዙር በዙር ለካሁ። ሥዕሉ ላይ ዳገት ወጣ። ዜማው ያው፣ ድራሙ ዳገት።

እንግዲህ ሾርተር በሰው ባንድ ውስጥ ሳለ የጻፈው ይህ ነው፤ ሳክስፎኒስት ሆኖ ለሳክስፎን ሶሎ ቦታ ያልተሰጠበት ድርሰት። በራሱ ስም ቢሆን ኩባንያውም ገዢውም የእሱን ሶሎ ይጠብቁ ነበር። በማይልስ ጥላ ሥር ግን ራሱን ከመሐል ማውጣት ችሏል። እኔ ከዚህ ሁሉ ሥራ በጣም የምወደው ግኝት ይህ ነው።

በ2016 የወጣው የማይልስ ኩዊንቴት (የአምስት ሰው ባንድ) የስቱዲዮ ሙሉ ቅጂ ስብስብ እዚህ ላይ ጠቀመኝ። ሲለማመዱ፣ ሲያቆሙ፣ ማይልስ ትእዛዝ ሲሰጥ ይሰማል። የኢንተርኔት ጥቅሉ በዚህ ሳምንት ቶሎ አለቀ፣ ግን ቆጨኝ አልልም።

የካቲት፤ ያው ዜማ፣ ወደ ሌላው አቅጣጫ

እስካሁን ያየሁት ሁሉ አንድ ነገር የሚል ይመስል ነበር፦ በራሱ ባንድ የተሞላ፣ በሰው ባንድ የተከፈተ። «ሱፐር ኖቫ» ይህን ገለበጠው።

ቅድም መደርደሪያ ላይ ተቀመጡ ያልኳቸው ሦስቱ ዜማዎች፣ «ዋተር ቤቢስ»፣ «ካፕሪኮርን» እና «ስዊት ፒ»፣ የማይልሱ ቅጂ ገና ሳይወጣ ሾርተር በ1969 በራሱ ስም እንደገና ቀረጻቸው። ነሐሴ 29 እና መስከረም 2። ቴነሩን ትቶ ሶፕራኖ፣ ቀጭን ድምፅ ያለውን ሳክስፎን፣ ይዟል። ፒያኖ የለም። ጊታር ላይ ጆን ማክላፍሊንና ሶኒ ሻሮክ፣ ቤዝ ላይ ሚሮስላቭ ቪቱሽ፣ ድራም ላይ ጃክ ዲጆኔት፣ ፐርከሽን ላይ ብራዚላዊው አይርቶ ሞሬራ አሉ። ፒያኒስቱ ቺክ ኮሪያ ሳይቀር ድራምና ቫይብራፎን ነው የሚመታው።

የ1967ቱ «ዋተር ቤቢስ» በሦስት የሚሄድ ረጋ ያለ ነገር ነው፤ ባሩን መቁጠር አይከብድም። የ1969ኙን ለመቁጠር ሞከርኩ፣ ተውኩት። ዜማው ይታወቃል፣ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ባር የሚባለው ግን ቀልጧል። ሠንጠረዡ ላይ «የባር ብዛት» በሚለው ሥር ሰረዝ ብቻ አስቀመጥኩ። «ስዊት ፒ» የጃዝ ደራሲው የቢሊ ስትሬይሆርን ቅጽል ስም ነው። ስትሬይሆርን የሞተው በግንቦት 1967 መጨረሻ ሲሆን የማይልሱ ቅጂ የተሠራው በተከታዩ ወር ነው። በዚያ ላይ ሐዘኑ የተገታ ነው። የ1969ኙ ሶፕራኖ ግን ይጮኻል።

ማለትም እዚህ መሪው የፈታው፣ አለቃው ያሰረው ሆነ። የቀን ዓምዱን ስመለከት ምክንያቱ አለ። የማይልስ «ቢችስ ብሩ» የተቀረጸው ከነሐሴ 19 እስከ 21 ቀን 1969 ነው። ከስምንት ቀን በኋላ ሾርተር ስቱዲዮ ሲገባ ማክላፍሊን፣ ዲጆኔትና ኮሪያ ከዚያው ሥራ የመጡ ናቸው። እሱም ለዚያ አልበም «ሳንክቹሪ» የሚለውን ዜማ ሰጥቷል። የአለቃው ቤት ውስጥ የተከፈተውን በር ይዞት ወደ ራሱ ቤት ሄደ።

መጋቢት፤ ሠንጠረዡ እንደገና

ሁለቱን ዓምድ አፈረስኳቸው። አሁን ረድፎቹ በድራመር ነው የሚደረደሩት፤ መሪ ማን እንደሆነ ከጎን በቀለም ብቻ ይታያል። ብሌኪ ሥር፦ የታሰረ ጽሑፍ፣ ሦስት ትንፋሽ፣ ለድራም የተቆረጠ ቦታ። ኤልቪን ሥር፦ ረጅም ኖታ፣ ያልተለመደ የባር ብዛት፣ ኮርዱ ቀጥሎ። ቶኒ ሥር፦ መጀመሪያ ፈጣን ዜማ፣ ከዚያ ባዶ ባር፣ በመጨረሻ ሶሎ የሌለው ዜማ። ዲጆኔትና አይርቶ ሥር፦ ባር የሌለው። ቀለሙ በየክፍሉ ተቀላቅሎ ሳይ ደስ አለኝ። ጆ ቼምበርስ ብቻ ነው ያስቸገረኝ፤ «አዳምስ አፕል» እና «ስኪዞፍሬኒያ» ላይ ያለው አጨዋወቱ ለየትኛውም ክፍል አይመችም። ለብቻው ክፍል ሰጠሁት። ስለ እሱ እጅ በደንብ የተጻፈ ነገር ባገኝ ደስ ይለኛል፤ ከሁሉም ያነሰ ምስጋና ያገኘ ሰው እሱ ይመስለኛል።

ጋሼ ሠንጠረዡን አይተው «አሁን ሠራህ» አሉ። «ኢንፋንት አይስ» ግን የእሳቸውን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እንደማይቀበል አስረዳኋቸው። ዘጠነኛዋን ባር አሰማኋቸው። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። «ይቺ የድራመር ሥራ አይደለችም» አሉ፤ እኔም ረድፉ ላይ ምልክት አደረግኩ።

ሚያዝያ፤ የቀሩ ረድፎች

«ቶም ተምብ» ገና ነው። በ1966 ለፒያኒስቱ ቦቢ ቲመንስ አልበም ሰጥቶት፣ በ1967 «ስኪዞፍሬኒያ» ላይ ራሱ ደግሞታል። የመጀመሪያው ላይ ድራሙን የሚጫወተው ጂሚ ኮብ ነው። ለቼምበርስ ክፍል መፍቻ የሚሆን ጥንድ ይመስለኛል፣ ስለዚህ ቀጣዩ እሱ ነው።

ከዚያ «ችልድረን ኦቭ ዘ ናይት»። በ1961 ለብሌኪ ጻፈው፤ በ1995 «ሃይ ላይፍ» ላይ ከኦርኬስትራ ጋር በራሱ ስም መለሰው። ለአንድ ጊዜ ያህል ሰማሁት። ድራሙ እዚህ ላይ ዋናው ነገር አይደለም፤ 34 ዓመት የቆየ ዜማ ውስጥ ሾርተር አዳዲስ ድምፆችን እየጨመረ፣ መሐል መሐሉን እየሞላ ነው። በድራመር የደረደርኩት ሠንጠረዥ ለዚህ ረድፍ ቦታ የለውም። ሥራው ከ1970 እንዳያልፍ ወስኜ ነበር። ለዚህ ዜማ ስል ወሰኑን አነሳለሁ፤ ሁለቱንም ቅጂ ኖታ ላይ አስቀምጬ ከሦስቱ የብሌኪ ትንፋሾች የትኛው ድምፅ ወደ የትኛው የኦርኬስትራ ክፍል እንደሄደ መከተል ነው የሚቀጥለው ሥራ።